“ሽሬ” በሃይፋ ባሕር

ከመርከብ ላይ ሆነው ሰርጓጅ መርከብን ስለመቱባቸው የድሮ መሣሪያዎች የተሰጠ ንግግር

(ከዚህ በታች የቀረበው ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በማኅበራችን አዳራሽ የተሰጠ የምሽት ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ላልቻላችሁ ሲባል በጽሑፍ አውጥተነዋል።)



ከሥራና ከኡልፓን ውላችሁ፣ ልጆቻችሁን አብልታችሁ፣ ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእስ ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ልጆች ምዝገባ አይደለም፤ እነዚያን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች ሌላ ቀን ይነግሯችኋል። የዛሬው ስለ ባሕርና ስለ ባሕር ጦርነት ነው። “ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት ከስብሰባ በኋላ ወደ ጎን ጠሩኝ። “መምህር” አሉኝ፤ “ልጄ ጻሃል ገብቶ ባሕር ኃይል ደርሶታል። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ባሕርን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው። በላይ የሚመጣበትን ጠላት በዓይኑ ያየዋል እንበል። ከእግሩ ሥር፣ በውኃ ውስጥ የሚመጣበትን ግን በምን ያየዋል? ቢያየውስ በምን ይመታዋል? ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ።”

ልጃቸው ያለበት መርከብ ምን እንደያዘ የሠራዊቱ ጉዳይ ነው፤ የእኔም የእርሳቸውም አይደለም። ጥያቄያቸው ግን መርከበኞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። የድሮው መልስ በመጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም በላይ አንዱ ማስረጃ ከሃይፋ ወደብ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል። ስሙም “ሽሬ” ይባላል።

ከሽሬ የመጣችሁ ቀና ስትሉ አያለሁ። ልክ ናችሁ፤ የእናንተው ሽሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምነግራችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር የምትፈርሙበት ወረቀት ሁሉ በእሱ ስለሆነ ጆሯችሁ ቢለምደው አይከፋም።) ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ወረረ። በ1936 መጀመሪያ ጦሩ በአምባ አራዳም፣ በተምቤንና በሽሬ ተዋጋ፤ ሽሬ ላይ የገጠመው የራስ እምሩ ሠራዊት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጎንደርም ተያዘች። በዚያው ጊዜ የኢጣሊያ ባሕር ኃይል 17 አንድ ዓይነት ሰርጓጅ መርከቦች ያሠራ ነበር። ከ1936 እስከ 1938 ድረስ ተራ በተራ ወደ ባሕር ሲወርዱ ስም ወጣላቸው። ከስሞቹ አብዛኞቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ አራዳም፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ጎንደር፣ ሽሬ። አዳኝ የገደለውን አውሬ ቆዳ በቤቱ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል ማለት ነው። የ17ቱ ሁሉ የወል መጠሪያ ደግሞ “አድዋ” ሆነ። በ1896 የተሸነፉበትን ቦታ ስም ከሁሉ አስቀድመው መምረጣቸው ቂማቸው አርባ ዓመት ሙሉ እንዳልበረደ ያሳያል።

ጦርነቱን በሕይወት የጨረሰ ከ17ቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም “አላጌ”። “መቀሌ”ን እንኳ የገደለው ጠላት አልነበረም። በ1940 ከምጽዋ ወጥቶ ቀይ ባሕር ላይ ሳለ ከአየር ማቀዝቀዣው መርዛም ጋዝ አፈተለከ፤ መርከበኞቹ ተመርዘው አእምሯቸው ሲታወክ መርከቡ ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ ካለ የድንጋይ ሪፍ ጋር ተላተመ። ከቀሩት ብዙዎቹን ያጠፋቸው ግን ዛሬ የምነግራችሁ መሣሪያ ነው፤ ቅርጹ በርሜል ነው።

ከበርሜሉ በፊት ስለ ጆሮ ልናገር፤ እናትየው “በምን ያየዋል?” ብለው ነበርና። በውኃ ውስጥ ዓይን አይሠራም። ስሜን ተራሮች አካባቢ ያደጋችሁ ከገደል አፋፍ ቆማችሁ ስትጮኹ ድምፃችሁ ከማዶው ገደል ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ገደል ማሚቶ የምንለው ነው። ማዶው ቅርብ ከሆነ ቶሎ ይመለሳል፣ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል። እንግሊዞች “አስዲክ” ያሉት፣ በኋላ ዓለም ሁሉ “ሶናር” ያለው መሣሪያ ይኸው ነው። ከመርከቡ ሆድ ሥር አጭር ድምፅ ወደ ውኃው ይላካል። በባሕር ውኃ ድምፅ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል። ብረት ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል፤ ማዳመጫ በጆሮው ያደረገ ሰው የመመለሻውን ጊዜ ቆጥሮ “በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ያህል ርቀት” ይላል። ያ ሰው ከመርከቡ ሠራተኞች ሁሉ የሚፈለገው ነበር። ዓሣ መንጋ ሆኖ ሲሄድም፣ የሞቀና የቀዘቀዘ ውኃ ሲገናኝም ድምፅ ይመልሳል፤ ብረቱን ከዓሣው የሚለየው ጆሮው ብቻ ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ። የጥልቀት ቦምብ ይባላል፤ እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 ሥራ ላይ አዋሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የተጠቀሙበት ዓይነት ክብደቱ 190 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ ውስጥ 130 ኪሎ የሚሆነው ፈንጂ ነው። ክንፍ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ ዒላማውን የሚፈልግበት ምንም ነገር የለውም። ከመርከቡ የኋላ ጫፍ በሐዲድ ላይ ተንከባሎ ይወድቃል፤ ወይም በአጭር መድፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወረወራል።

በርሜሉ መቼ እንደሚፈነዳ የሚነግረው የውኃው ክብደት ነው። ጠልቆ የዋኘ ሰው ጆሮውን ሲያመው ያውቀዋል፤ በወረድን ቁጥር ከላያችን ያለው ውኃ ይከብዳል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ማቀጣጠያ ቀዳዳ አለው፤ ውኃ በዚያ እየገባ ይገፋል፤ ግፊቱ መርከበኛው አስቀድሞ በቁልፍ በመረጠው ጥልቀት ልክ ሲደርስ ይፈነዳል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ስለዚህ የፍንዳታውን ምት ወደ ሰርጓጁ ግድግዳ ያስተላልፈዋል።

ይህን ስትሰሙ “በቃ፣ ማን ያመልጣል!” ትሉ ይሆናል። እስቲ አብረን እንቁጠር።

አስዲክ ወደ ፊት ነው የሚያዳምጠው። መርከቡ ሰርጓጁ ወዳለበት ሲቀርብ፣ 200 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ድምፁ ከሰርጓጁ በላይ ያልፍና መልሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መርከቡ ደንቆሮ ነው። በሰከንድ ስምንት ሜትር ያህል እየሮጠ ያንን 200 ሜትር ለመጨረስ 25 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ በርሜሉን ይጥላል። በርሜሉ የሚሰምጠው በሰከንድ ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ ሰርጓጁ 60 ሜትር ላይ ካለ ሌላ 20 ሰከንድ። በድምሩ 45 ሰከንድ። ሰርጓጁ በዚያ ጊዜ በፈጣን ሰው እርምጃ እንኳ ቢሄድ፣ ማለት በሰከንድ ሁለት ሜትር፣ 90 ሜትር ርቋል። በርሜሉ ግድግዳውን ለመቅደድ የሚያስፈልገው ቅርበት ደግሞ ስድስት ሰባት ሜትር ብቻ ነው! በዚያ ላይ ሰርጓጁ በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ በትክክል የሚለካ መሣሪያ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ አልነበረም፤ አዛዡ በግምት ነው የሚያዘው። ሰርጓጁ ውስጥ ያለው አዛዥም ይህን ሁሉ ያውቃል። የመርከቡን ማሽን ከላዩ ሲሰማ ወደ አንድ ጎን ይጠመዝዛል።

በዚህ ምክንያት በርሜሎቹ አንድ በአንድ አይጣሉም ነበር። አምስት በአንድ ዙር፣ ሦስቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን፤ በኋላም ዐሥር፣ ከዚያም ዐሥራ አራት ድረስ ሆኑ። ፍንዳታው ውኃውን ስለሚያናውጠውና በአየር አረፋ ስለሚሞላው ሩብ ሰዓት ያህል አስዲክ ምንም አይሰማም። ከዚያ እንደገና ፍለጋ፣ እንደገና ማዳመጥ።

በርሜል የሚጥል መርከብ ድል ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ በአንድ ምት አይደለም፤ በመመላለስ ነው። ሩቅ የፈነዳው በርሜል አይገድልም፤ ግን አምፖል ይሰብራል፣ የቧንቧ መጋጠሚያ ያላላል፣ ባትሪ ያፈስሳል። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ በውኃ ሥር የሚሄደው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅና አየሩ ሲቆሽሽ መውጣት አለበት። ከላይ ያለው ካልሄደ ከታች ያለው መጨረሻው ይመጣል።

“ጎንደር” ያለቀው እንዲህ ነው። በመስከረም 1940 መጨረሻ “ጎንደር” ወደ እስክንድርያ፣ “ሽሬ” ደግሞ ወደ ጂብራልታር በአንድ ጊዜ ተላኩ። ሁለቱም ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር ነበራቸው፤ በጀርባቸው ላይ ሦስት ሦስት ትልልቅ የብረት ጋኖች ተሸክመው ነበር። በጋኖቹ ውስጥ ሁለት ሰው እንደ በቅሎ ተፈናጥጦ በውኃ ሥር የሚነዳቸው ቀስተኛ ቶርፔዶዎች አሉ። ኢጣሊያኖቹ እነዚህን “አሳማ” ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ ስሙን እኔ አላወጣሁትም። ነጂዎቹ ወደብ ገብተው ፈንጂውን ከጠላት መርከብ ሆድ ሥር አስረው ይወጣሉ፤ ሐሳቡ ያ ነበር። በሁለቱም ወደቦች የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወጥተው ስለነበር ሁለቱም ሰርጓጆች እንዲመለሱ ታዘዙ። “ጎንደር” ሲመለስ ከግብፅ ጠረፍ አጠገብ “ስቱዋርት” የተባለ የአውስትራሊያ የጦር መርከብ አገኘው። ሌሊቱን ሙሉ ከላዩ አልሄደም። በርሜል ይጥላል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይጥላል። በማግሥቱ መስከረም 30 (በፈረንጅ) ጧት “ጎንደር” ከታች መቆየት አልቻለም፤ ወጣ፤ ሰዎቹ ወደ ውኃ ዘለሉ፤ መርከቡ ሰጠመ። አብዛኞቹ ተማረኩ፤ ከእነሱም መካከል “አሳማ”ውን ከፈለሰፉት ከሁለቱ መኮንኖች አንዱ ኤልዮስ ቶስኪ ነበር። ከተማዋ ጎንደር ከኢጣሊያ እጅ የወጣችው ኅዳር 27 ቀን 1941 ነው፤ ስሟን የተሸከመው መርከብ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሟታል።

በ1941 በዚያው መስከረም 30 ቀን ደግሞ “አድዋ” በምዕራብ ሜዲትራንያን “ጉርካ” እና “ሌጅን” ከተባሉ የእንግሊዝ መርከቦች በተጣለ በርሜል ከነሰዎቹ ቀረ። ቀኑ በዓመቱ መግጠሙ እንዲያው ያጋጠመ ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

“ሽሬ” ግን ቆየ። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው እሱ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1941 (በፈረንጅ) ከ“ሽሬ” የወጡ ስድስት ሰዎች በሦስት “አሳማ” ወደ እስክንድርያ ወደብ ገቡ፤ “ኩዊን ኤልሳቤጥ” እና “ቫሊያንት” የተባሉ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች እዚያው ወደቡ ውስጥ ወለል ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰው!

ይህ መርከብ ነው በነሐሴ 1942 ወደ ሃይፋ የመጣው። ጊዜውን አስቡት። የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ሮሜል ጦር ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ ነበር። በዚህ አገር የነበሩት አይሁዶች ጀርመኖች ከደረሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር፤ ያንን ጊዜ “200 የጭንቀት ቀናት” ይሉታል። ሃይፋ ደግሞ የእንግሊዝ መርከቦች መጠጊያ ብቻ ሳትሆን ከኢራቅ በቧንቧ የሚመጣው ነዳጅ መድረሻና ማጣሪያው ያለባት ከተማ ነበረች። “ሽሬ” አዲስ አዛዥ ይዞ፣ ብሩኖ ዜሊክ የተባለ፣ ወደብ የሚገቡ 11 ጠላቂዎችን ጭኖ ተጠጋ። በጠቅላላው 60 ሰዎች ነበሩበት።

ነሐሴ 10 ቀን 1942፣ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 1934 ማለት ነው፣ ያገኘችው “አይሌ” የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ናት፤ በአንዲት የስኮትላንድ ደሴት ስም የተሰየመች። ታላቅ የጦር መርከብ እንዳይመስላችሁ። ንድፏ ከዓሣ አጥማጅ መርከብ የተወሰደ ነው፤ ርዝመቷ 50 ሜትር፣ ከሰርጓጁ 10 ሜትር ታንሳለች። የያዘችው አስዲክ፣ ትንንሽ መድፎችና እነዚያን በርሜሎች ነው። ድምፁ ነጥሮ ሲመለስላት ሄደችበት፣ በርሜሎቿን ጣለች። “ሽሬ” ተጎድቶ ወደ ላይ ብቅ አለ፤ መድፍ ተተኮሰበት፤ ተመልሶ ሰመጠ፤ አልወጣም። ከ60ው አንድም ሰው አልተረፈም።

አሁን አብረን የቆጠርነውን ሒሳብ አስታውሱ። በርሜሉ ያን ያህል ደካማ ከሆነ “አይሌ” እንዴት ቻለች? አንዱ ምክንያት ስፍራው ይመስለኛል። “ሽሬ” የተኛበት ውኃ 33 ሜትር ነው። በርሜሉ እስከ ወለሉ ድረስ ለመውረድ 11 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል፤ ሰርጓጁም ጠልቆ የሚሸሸግበት ታች የለውም። ወደብ የሚፈልግ ሰርጓጅ ወደ ጥልቅ ያልሆነ ውኃ መምጣት ግዴታው ነው፤ እዚያ ደግሞ በርሜል የተሸከመች ትንሽ መርከብ ትበቃዋለች።

በሰፊው ውቅያኖስ ላይ ግን እንዲህ አልነበረም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከጦርነቱ በኋላ ሲቆጥር በበርሜል የተደረጉት ጥቃቶች 5174 ሆኑ፤ የሰጠሙት ሰርጓጆች 85 ገደማ። ስድሳ ጊዜ ሞክሮ አንድ ጊዜ መምታት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የጀርመን ሰርጓጆች በአትላንቲክ ላይ የእንግሊዝን ስንዴና ነዳጅ የሚያመጡ መርከቦችን ይፈጁ ነበር፤ ስድሳ ጊዜ የሚሞክር ሕዝብ ሊራብ ይችላል።

መፍትሔው ከሁለት ወገን መጣ። አንዱ የሰው ዘዴ ነው። ፍሬድሪክ ጆን ዎከር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አንዱን መርከብ ከሩቅ አቆመው፤ የዚህ ሥራ ማዳመጥ ብቻ ነው፣ አይጠጋም። ሌላውን መርከብ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ አስዲኩንም ዘግቶ በሰርጓጁ ላይ እንዲሄድ በሬዲዮ ይመራዋል፤ “ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፣ አሁን ጣል!” ከታች ያለው ሰው ማሽኑን ስለማይሰማ አይጠመዝዝም። ደንቆሮ የሆነውን መርከብ ጆሮ ያለው መርከብ መራው። የዎከር ቡድን በ1944 መጀመሪያ በአንድ ጉዞ ስድስት ሰርጓጆች አሰጠመ። ዎከር ራሱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 48 ነበር።

ሁለተኛው መፍትሔ መሣሪያ ነው፤ ለእኛ በቀላሉ የሚገባ ነው። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ ያልጠበቀ ወንድ ያለ አይመስለኝም። ወፍ ወይም ዝንጀሮ ሲመጣ ወርደህ እላዩ ላይ ድንጋይ ልትጥል አትሄድም፤ እያየኸው ከሩቅ በወንጭፍ ትለዋለህ። እንግሊዞች ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ከ1942 ጀምሮ በመርከቦቻቸው አፍንጫ ላይ ተከሉ። 24 የብረት ዘንጎች ቆመዋል፤ በየዘንጉ ላይ 30 ኪሎ የሚጠጋ ቦምብ ይሰካል። ሲተኮስ 24ቱም ከመርከቡ ፊት 200 ሜትር ያህል ሄደው ወርዱ 40 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ይወድቃሉ። አስዲኩ አሁንም ሰርጓጁን ይሰማል፤ ያ የመደንቆሪያ 25 ሰከንድ ቀረ። ቦምቦቹ ሲያልቁ ዘንጎቹ ባዶአቸውን ሽቅብ ቆመው እሾህ ይመስላሉ፤ ስለዚህ በአንዲት እሾሃም እንስሳ ስም ጠሩት፤ ከእኛ ጃርት ታንሳለች፣ ልጆቻችሁ “ኪፖድ” እያሉ በሥዕል መጽሐፋቸው ላይ ያሳዩአችኋል። እኛም ለዛሬ ጃርት እንበለው።

ጃርት አንድ ታላቅ ልዩነት አለው። በጥልቀት አይፈነዳም፤ ብረት ሲነካ ብቻ ነው የሚፈነዳ። ካልነካ ዝም። መርከበኞቹ መጀመሪያ ላይ ይህን አልወደዱትም። በርሜል ባይመታም ባሕሩን እንደ ተራራ ያነሣዋል፤ ጃርት ተኩሰህ ዝም ሲል ምንም ያልሠራህ ይመስላል። ዝምታው ግን ጥቅም ነበረው፦ ውኃው ስለማይናወጥ ሰርጓጁ ከጆሮ አይጠፋም፤ ፍንዳታ ከተሰማ ደግሞ መመታቱ እርግጥ ነው። በዚያው ቆጠራ ጃርት በ268 ጥቃት 47 ሰርጓጆች አስገኝቷል፤ ወደ ስድስት ሙከራ አንድ ማለት ነው። “ኢንግላንድ” የተባለ አንድ የአሜሪካ መርከብ ከግንቦት 19 እስከ 31 ቀን 1944 (በፈረንጅ) በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ስድስት የጃፓን ሰርጓጆችን በዚሁ መሣሪያ አጠፋ። ይህን ያህል በአጭር ጊዜ ያደረገ መርከብ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከጃርት ቀጥሎ “ስኩዊድ” መጣ፤ የባሕር እንስሳ ስም ነው። ሦስት አፍ ያለው ሞርታር ነው፤ ጥልቀቱን የሚለካ አዲስ መሣሪያ ስለተጨመረበት ቦምቦቹ የሚፈነዱበት ጥልቀት ከመተኮሱ በፊት በራሱ ይስተካከላል። በሐምሌ 1944 “ሎክ ኪሊን” የተባለችው መርከብ የመጀመሪያውን ሰርጓጅ በእሱ አሰጠመች። በ50 ጥቃት 17፤ ሦስት ሞክሮ አንድ። ከስድሳ ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ ሦስት ደረሰ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው፤ በ1960ዎቹ አሜሪካኖች ከመርከብ ተተኩሶ በአየር ኪሎ ሜትሮች ከሄደ በኋላ ውኃ ውስጥ ወድቆ ራሱ የሚፈልግ ቶርፔዶ በሮኬት ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የዛሬ ሰዎች ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኒያ እናት በቤታቸው ቡና እየጠጣን ነገርኋቸው። የ45 ሰከንዱን ሒሳብ በደንብ ያዙት፤ እንዲያውም የጃርቱ ነገር ደስ አላቸው። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፦ “እነዚያ ስድሳዎቹ እናቶቻቸው የት እንደወደቁ ዐወቁ?”

ያገኘሁትን ነገርኋቸው። በ1984 የኢጣሊያና የእስራኤል ባሕር ኃይሎች ሥነ ሥርዓት አድርገው የ42 ሰዎች አጽም ከ“ሽሬ” ወጥቶ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደና ተቀበረ። ከመርከቡ የፊት ክፍል የተቆረጠው ብረትም ለመታሰቢያ አብሮ ሄደ። መርከቡ ከሰጠመ 42 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2008 ሁለቱ ባሕር ኃይሎች ቦታው ላይ እንደገና ተገናኝተው አስበዋቸዋል። የቀረው የመርከቡ ክፍል አሁንም እዚያው ነው፤ ጠላቂዎች ይጎበኙታል።

“አርባ ሁለት ዓመት” አሉ እናትየው። “ሳይደርሱበት የሞቱ እናቶች ይኖራሉ።” ሌላ አልተናገሩም፤ ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሽሬ የመጡት አባት ቀድመው እጃቸውን አንሥተዋል፤ ከእርሳቸው እንጀምር።